አርባኛዋ ወረቀት

«አርባ ሰው ጠይቁ» አለች ዶክተር ወዳድ፣
«ልብስ ስለ መጣል፣ ልብስ ስለ መውደድ፤
ያረጀ ጨርቅ ዳግም ሥራ ቢገባ
ተማሪ ምን ይላል? መልሱ ሐሙስ ይግባ።»

ሻርጃ ነው፤ መስከረም። መስኮቱ በላብ ታውሯል፤
ከደጅ ወበቁ ያፍናል፣ ከውስጥ ኤሲው ያንቀጠቅጣል።
ወረቀቴን ታቅፌ የሴቶች ማደሪያ ገባሁ፣
ከሁለተኛው ደርብ ጀምሬ በር አንኳኳሁ።

ሸማ ከፈተችልኝ። አልጋዋ ላይ የልብስ ክምር፣
ዋጋው ገና ያልተቆረጠ፣ ከነካርቶኑ ከነክር።
«እንዴ፣ በጣም እደግፋለሁ! ምድሪቱ ታሳዝነኛለች!»
«እጅግ እስማማለሁ» በሚለው ሥር ሁለቴ አሰመረች።
«ሰው የለበሰውንስ ትለብሻለሽ?» ስላት ሳቀች።
ክፋት የለበትም ሳቋ፤
«አሸዋ ትቅሚያለሽ?» የተባለች ነው የመሰለችው፣
ግራ ገብቷት፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ።

ዲቭያ እርሳሱን ነክሳ ብዙ ቆየች።
«እናቴ ሳሪዋን መጋረጃ አደረገች፣
መጋረጃው ሲሳሳ ትራስ ለበሰው፣
ትራሱ ሲያረጅ ወለል ወለወልንበት፣ መጨረሻ ላይ ምጣድ አወረድንበት፤
ይህ ሁሉ ስም እንዳለው ግን
ዛሬ ገና ሰማሁ» አለች።

ሊና ደግሞ፦ «እኔ እሰጣለሁ፤ በየረመዳኑ፣
አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ሽቶ ነስንሼ። በር ላይ አለ ሳጥኑ።»
«ማን ይወስደዋል?»
«ሳጥኑ ነዋ!»
እያወራች ዓይኗ ሸሚዜ ላይ ዋለ፤
ከአንገትጌው ጀምሮ ቁልፍ በቁልፍ ወረደ፣
ሦስተኛው ላይ ዘገየ።
ሦስተኛው ከሌሎቹ ይለያል። እናቴ ናት የተከለችው።
«ደስ ይላል። ከየት ገዛሽው?»
«ከሞል።»
የትኛው ሞል ብላ አልጠየቀችም።
በልቤ አመሰገንኳት።

ሳጥኑ አረንጓዴ ነው፤ ከባቃላው ጎን ቆሟል፣
አፉን ከፍቶ ያድራል፣ ማክሰኞ ሆዱ ይራገፋል።
ከዚያ መኪና፣ ከዚያ አቧራው ሰፈር፣ መጋዘን ቁጥር ስድስት፣
እናቴ ዘምዘም ቀኑን ሙሉ የምትቆምበት፣
«አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ጨርቅ» እያለች የምትለይበት።
ኪስ መፈተሽም የእሷ ነው። ደረሰኝ፣ የጸጉር ሹካ፣
የፈተና መኮረጃ፣ በማስቲካ ወረቀት የተጻፈ ግማሽ ደብዳቤ
ታመጣልኛለች እንዳነብላት።
«ምን ይላል?» ትለኛለች።
ፍቅር ሲሆን «ሂሳብ ነው» እላታለሁ።
«ይህ ቦንዳ ጅጅጋ ቢደርስ» ትላለች እግሯን እያሸች፣
«ሳልቫጅ ተብሎ ሳይፈታ ያልቃል፣ ሰው ይሻማል!»
ለእኔ የሚሆነውን ግን ቀድማ በኪሎ ገዝታ ታስቀራለች፤
ዚፕ ቀይራ፣ ቁልፍ ተክላ፣ የማንንም ሽቶ አጥባ አስለቅቃ።

ረቡዕ ማታ፦ «ልጆቹ ምን አሉ?»
«ሁሉም ይስማማሉ፣ እማ።»
«ታዲያ ዚፑን ለምን ሰብረው ይጥላሉ?»

ቆጠርኩ። ሠላሳ ዘጠኝ። አንድ ሰው ጎደለ።
ማደሪያው ተዘግቷል፤ ሌሊቱ ጋሽቧል፤
አርባኛዋ እኔው ሆንኩ።
ዕድሜ፦ ሃያ። ጾታ፦ ሴት።
ምድሪቱ፦ ታሳዝነኛለች።
ሰው የለበሰውን ትለብሻለሽ?
እስክሪብቶዬ ቆመ። ከወዲያ እናቴ ታንኮራፋለች።
«አዎ»ን አለፍኩት፣ «ምናልባት»ን አለፍኩት፣
«በፍጹም» ላይ ወፍራም ክብ አደረግሁበት።

ቀለሙ ሳይደርቅ እጅጌዬ ዳሰሰው፤
ቃሉ ተላቁጦ ግማሹ ጠፋ፣
ግማሹ ነጩ ጨርቅ ላይ ሰፋ።

ጠዋት አየችው። «ቀለም ነው? ሎሚ አለ፣ ጨው አለ፤
አውልቂው» አለችኝ፣ ስትቀበለኝ እያዛጋች፤
የምን ቀለም ነው አላለችም፤
ውሃ ከፈተች፣ አሻሸች።